በእንግዳ መንገድ መግባት

አንድ ግትር ሰው ነበረ።

ቆይ ፈትለወርቅ፣ ከጥያቄሽ ሸሽቼ ተረት ልጀምርልሽ አይደለም። በደንብ ሰምቼሻለሁ። አዋላጅ ነሽ፤ እርጉዝ ሴት ማወቅ የሚገባትን በአማርኛ እየጻፍሽ ብሎግሽ ላይ ታወጫለሽ፤ ሰው ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ ግን ያንቺ ጽሑፍ አይመጣለትም። የገጾችሽን ዝርዝር፣ ሳይትማፕ የምትይውን፣ ለፍለጋ ሞተሩ ደጋግመሽ ሰጥተሽዋል። እሱም ደጋግሞ ዝም ብሎሻል። «ጋሼ፣ ምን በደልኩት? ልዝጋውና ልረፍ እንዴ?» ነው ያልሽኝ። እንግዲያው ቁጭ በይና ስሚ፤ መልሴ ያለው ከሰውዬው ዘንድ ነው።

ይህ ሰው የሲራራ ነጋዴዎች ከሚያልፉበት ትልቅ መንገድ ወረድ ብሎ፣ ሸለቆ ውስጥ፣ ጥሩ ምንጭ ነበረው። አገሩ ደረቅ ነው። ቀጣዩ ውሃ የሚገኘው ከረጅም ጉዞ በኋላ ስለሆነ አህዮች ጭነታቸውን እንደተሸከሙ መንገድ ላይ ይወድቁ ነበር። ሰውዬው ይህን እያየ ዝም ማለት አላስችል አለውና ለመንገደኛ ማረፊያ ሊሠራ ተነሳ። ገንዳ ጠረበ፣ በረት አጠረ፣ ማደሪያ ቤት ሠርቶ በጭቃ መረገ።

ምርጊቱ ሳይደርቅ ከብት እየገባ አስቸገረው። ስለዚህ ከትልቁ መንገድ ወደ ሸለቆው የሚወስደውን መታጠፊያ በግራር እሾህ ዘጋው። በዚያ አገር መንገድ ላይ የተጋደመ እሾህ ትርጉሙ አንድ ነው፤ ባለቤቱ «አትግቡ» ብሏል ማለት ነው። መንገደኛ አያነሳውም፤ ማንሳት ባለቤቱን መናቅ ነውና። ሰውዬው ራሱ የሚኖረው ከላይ፣ ተረተሩ ላይ ነበር። ከጓሮው ወደ ምንጩ የምትወርድ አቋራጭ ስላለችው ጠዋት ማታ የሚመላለሰው በእሷ ነው። ሥራው አለቀ፣ ምርጊቱ ደረቀ፣ እሾሁ ተረሳ።

ከዚያም ጸሐፊ ፈልጎ ለሲራራው መሪ ዝርዝር ላከ። መሪው ነጋዴው ሁሉ የሚከተለው ሰው ነው፤ የት እንደሚያድሩ፣ የት እንደሚያጠጡ የሚወስነው እሱ ነው። «ገንዳ አለ፣ በረት አለ፣ ማደሪያ አለ፣ ላይኛው ምንጭ አለ፣ ታችኛው ምንጭ አለ» ይላል ወረቀቱ። ሰውዬው ገንዳውን ሞልቶ ጠበቀ። ማንም አልመጣም። ሌላ ዝርዝር አስጻፈ፤ በትልልቅ ፊደል። አልመጡም። በቀይ ቀለም አስጻፈ። ወይ ፍንክች! አትሳቂ፤ አንቺም ባለፈው ሳምንት ያደረግሽው ይህንኑ ነው።

መንገድ ዳር ሰፊ ግቢ ያለው አንድ ባለጸጋ ነበር። ሰውዬውን አስጠርቶ «ምን አደከመህ? ውሃህን በእንስራ እያመጣህ እኔ ግቢ አስቀምጥ፤ ሰው እዚህ ይጠጣዋል» አለው።

«በርህን የዘጋህ ቀንስ?»

«ያን ቀንማ ይዘጋላ!»

«እንግዲያው ውሃው የወጣው ከሸለቆዬ ነው፤ እዚያው ይጠጣል» ብሎት ወጣ።

ሚስቱ ግን መረራት። «ያለን ሁሉ እዚህ ሸለቆ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ዝናቡ ሳይጥል አንድ እንግዳ ካላደረ እኔ ወንድሜ ዘንድ ነኝ፤ አንተ ከገንዳህ ጋር ኑር» አለችው። የምትተኛበትንም ቁርበት ጠቅልላ በሩ አጠገብ አቆመችው። ይወዳታል። ምንጩን ጥሎ መሄድ ግን ሞቱ ነው።

ሰማዩ መጥቆር ሲጀምር ደሙ ፈላ። ትልቁ መንገድ ላይ ወጥቶ የመሪውን በቅሎ ልጓሟን ይዞ አቆማት። «ዛሬ ፊት ለፊት ትነግረኛለህ! ምን በደልኩህ? የባለጸጋው ወዳጅ ስለሆንክ ነው የናቅኸኝ?» ብሎ ጮኸ። መሪው ሽማግሌ ነበር፤ አልተቆጣም። ከበቅሎው ወረደና «እሺ፣ ምራኝ» አለው።

ሁለቱ ወደ መታጠፊያው ሄዱ። ሰውዬው እየደነፋ ፊት ፊት ሲሄድ ድንገት ቀጥ አለ። እሾሁ ደርቆ፣ አቧራ ለብሶ፣ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ተጋድሟል። ግንዱ ላይ የገዛ መጥረቢያው ምት ይታያል።

«ዝርዝርህ በመጣልኝ ቁጥር እዚህ ድረስ ወርጃለሁ» አለው መሪው። «ወረቀትህ ና ይለኛል፤ እሾህህ አትምጣ ይለኛል። አልናቅሁህም። ያከበርኩት ቃልህን ነው።»

ሰውዬው አፈረ፤ ግን አፍሮ አልተቀመጠም። እጁ እየደማ እሾሁን ጎተተው። ጥግ ላይ አልጣለውም። በምንጩ አሳልፎ፣ ዳገቱን አውጥቶ፣ እስከ ጓሮው ድረስ ወሰደና የራሱን አቋራጭ ዘጋበት። ሚስቱ ብቅ ብላ «ደግሞ ምን ሆንክ? እኛስ በየት ልንገባ ነው?» ስትለው «እንግዳ በሚገባበት!» አላት። «ከዛሬ ጀምሮ እኔም የምገባው በእንግዳ መንገድ ነው።»

መሪው ዝርዝሩን ይዞ ግቢውን ዞረ። ታችኛው ምንጭ ደርቆ አገኘው። «ይህን ከዝርዝርህ አስወጣው» አለ። «አንዱን ሄጄ ካጣሁት ሌላውንም አላምንህም።» በዚያ ዕለት ሲራራውን በሙሉ አላመጣም፤ ሁለት አህያ ነጂዎች ብቻ ላከ። ሚስትየው የጠቀለለችውን ቁርበት ፈትታ ለእነሱ አነጠፈችላቸው። ሌሎቹ ቀስ በቀስ፣ መሪው በፈቀደው ጊዜ መጡ።

ፈትለወርቅ፣ ሸለቆው ብሎግሽ ነው። መሪው የፍለጋ ሞተሩ ነው፤ ዝርዝሩም ሳይትማፕሽ። ብሎጉን ገና ስትሠሪ «የፍለጋ ሞተር እንዳይገባ» በሚለው ላይ ምልክት አድርገሽ ነበር፤ የነገርሽኝ ራስሽ ነሽ። አንስተሽዋል? አላነሳሽውም፣ አይደል? አንቺ ሁልጊዜ የምትገቢው በይለፍ ቃልሽ ስለሆነ ሁሉም ክፍት ይመስልሻል፤ የጓሮ አቋራጭሽ ያቺ ናት። ያጠፋሻቸው ጽሑፎችም እስካሁን ዝርዝሩ ውስጥ ካሉ የደረቀው ምንጭ እነሱ ናቸው፤ አስወጪያቸው። ዝርዝሩን እንደገና የምትልኪው ከዚያ በኋላ ነው። መሪው ነገ ይመጣል አልልሽም። በራሱ ጊዜ ይመጣል፤ መጥቶም ሁሉን ላይቀበልሽ ይችላል። አንቺ ግን ገንዳሽን ሙዪ።

ልዝጋው እንዳትይኝ ብቻ! ተቆጥቼ ነው የምነግርሽ። አሁን፣ እያወራን ሳለን፣ ሆዷን በአንድ እጇ ይዛ «ይሄ ሕመም ደህና ነው ወይ?» ብላ ስልኳ ላይ የምትጽፍ ሴት አለች። መልሱን ጽፈሽዋል። ታዲያ ደጅሽ ድረስ መጥታ፣ ያንቺን እሾህ አክብራ ልትመለስ? በጭራሽ! በይ ስልክሽን አውጪ፤ ከአካውንትሽ ውጪና እንደ እንግዳ ግቢ።