ጅብ የማያስነካ ቅባት

አንድ ጊዜ አንዲት አህያ እግሯ የተሰበረ እናቷን ወንዝ ልታሻግር ተነሣች። የሚኖሩበት ጫካ ጅብ ፈልቶበታል፤ የክረምቱ ደመናም ተራራው ላይ ተቆልሏል። ሳይሻገሩ ወንዙ ከሞላ እናቷ የጅብ ራት መሆኗ ነው። ስለዚህ ሦስት ጆንያ ገብስ ተሸክማ ጋሪ ሻጩ ቀበሮ ግቢ ሄደች። ሁለቱ የጋሪው ዋጋ፣ ሦስተኛው ማዶ ሲደርሱ የሚበሉት የክረምት ቀለብ ነበር።

ቀበሮ ሁለቱን ጆንያ ተቀበለና «ጋሪውማ ያንቺ ነው፤ ግን እንዲሁ ራቁቱን ልትወስጂው ነው?» አላት።

«ይበቃኛል፤ ቸኩያለሁ።»

«የፀሐይ መከለያ ሳይኖረው? እናትሽን እኮ ነው የምትጭኚው!»

አህያ ቀና ብላ ሰማዩን አየች። ፀሐይ የሚባል ነገር የለም። ከኋላዋ ግን ተራ የሚጠብቁት በግና ፍየል አንገታቸውን አስግገው ያዳምጣሉ። ለእናቷ ሰሰተች ቢሏትስ? አፈረችና «ይሁን እሺ» አለች። ከዚያ ጎማውን ልታይ ጎንበስ ስትል ቀበሮ ዘሎ ፊቷ ቆመ።

«የጎማ ምን ይታያል? ይልቅ ይሄን ቅባት እይልኝ! የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል አልሰማሽም? ይሄ ግን ያስጥላል። ጅብ ገና ሲያሸተው ጭራውን ቆልፎ ይሸሻል።»

ይህን አፈ ቅቤ እዩልኝ! ተራራው ላይ ነጎድጓድ አጉረመረመ። በግ ጉሮሮዋን ጠረገች። አህያም ካፈርኩ አይመልሰኝ ብላ ሦስተኛውን ጆንያ ለመከለያውና ለቅባቱ አስረከበች። ጎማውን ማየቱ ተረሳ።

እናቷን ጭና፣ ጋሪውን ቅባት ለቅልቃ ወደ ወንዙ ገሰገሰች። ውሃው መደፍረስ ጀምሯል። ዳርቻው ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው አንዱ ጎማ ወልቆ ተንከባለለ። ለካስ የሚይዘው ሽብልቅ አልነበረውም።

ወዲያው ቁጥቋጦው ተንኮሻኮሸና አያ ጅቦ አፍንጫውን እያነፈነፈ ብቅ አለ። መሸሽ ቀርቶ ጋሪውን ይልስ ጀመር።

«እንዴት ያለ ጮማ ነው ጃል!»

ምላሱ ወደ እናቷ እግር ተጠጋ። አህያ እንደ ምንም ብላ ተናገረች።

«አያ ጅቦ፣ ይሄማ ጠብታ ነው። ቀበሮ ግቢ እንስራ ሙሉ አለልህ።»

ጅብ ምላሱን እንዳወጣ አሰበ። «እዚያ ስሄድ እናንተ ብትጠፉስ?»

«ጎማችን ወልቆ የት እንሄዳለን?»

«እሱስ እውነትሽን ነው» አለና ወደ ቀበሮ ግቢ ፈረጠጠ።

አህያ የመከለያውን እንጨት ሰብራ ሽብልቅ አደረገችው። ጎማውን መልሳ፣ ውሃው ደረቷ እየደረሰ፣ እየተንገዳገደች ተሻገረች። ጅቡ ጠግቦ ሲመለስ ወንዙ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ነበር።

ማዶ ላይ እናትየው ከጋሪው ስትወርድ ባዶነቱን አየችና «ቀለባችንስ?» አለች።

አህያ አንገቷን ደፍታ የሆነውን ሁሉ ነገረቻት።

«ልጄ» አለች እናትየው፣ «አልፈልግም ማለት ስንት ጆንያ ያስከፍልሽ ነበር?»

አህያ አለቀሰች። በዚያ ክረምት እናትና ልጅ ጦማቸውን ያደሩበት ቀን ብዙ ነው።

ከዚህ የምንማረው፣ ሰው ምን ይለኛል ብሎ የማያስፈልገውን የሚገዛ ሰው የሚያስፈልገውን ሳያይ እንደሚቀር ነው።