በመጋቢት የማን ማሳ ሳይጠጣ ይውላል?

አንዲት መበለት ነበረች። ልጆቿ ከተማ ገብተው ቀርተዋል። ባሏ ከሞተ ወዲህ ደጇን የሚረግጥ ሰው ጠፍቶ፣ ከመስኖ ቦዩ መጨረሻ ባለች የሽንኩርት መደቧ ብቻዋን ትኖር ነበር። ውሃ እሷ ዘንድ የሚደርሰው ከቦዩ ራስጌ ያሉት ላይኞቹ አጠጥተው ሲተርፍ ነው።

በዚያ አገር መስኖውን የሚያከፋፍለውን ሰው የውሃ አባት ይሉታል። የሚመርጡት ደግሞ ክረምቱ እንደወጣ፣ ወንዙ ገና ሞልቶ ሳለ ነው። ስህተታቸው እዚህ ላይ ነበር፤ ወንዝ ሲሞላ የማይታመን ቃል የለም።

አንድ ዓመት ሁለት ገበሬዎች ለመመረጥ ቀረቡ። የመጀመሪያው አንደበተ ርቱዕ ነበር። ውሃ ለሁሉም በየቀኑ ይደርሳል አለ፤ ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔም ብኖር ሳላጨበጭብ አልቀርም። መበለቲቱ ግን ከዳር ተነሣች።

«ወንድሜ፣ ወንዙ በመጋቢት ሲቀጥን፣ ውሃው ለእኔ በደረሰ ቀን የማን ማሳ ነው ሳይጠጣ የሚውለው?»

ሰውየው ሳቀና ለዚያ ጊዜ እግዜር አለ አላት። ሰዉም አብሮ ሳቀባት።

ሁለተኛውንም ይህንኑ ጠየቀችው። እሱም እንዲህ አላት።

«መጀመሪያ የእኔ፣ ቀጥሎ የወንድሜ፣ ከዚያ ላይኞቹ ሁሉ በየተራቸው። ይህን ነግሬው ወንድሜ እስካሁን አኩርፎኛል።»

ላይኞቹ አጉረመረሙ። የመጀመሪያው ተመረጠ።

መጋቢት ገባ። አዲሱ የውሃ አባት ማንንም ማስቀየም አልሆነለትም፤ የጮኸ ሁሉ ቦዩን ወደ ማሳው ጠለፈ። ውሃው መንገድ ላይ አለቀ፤ የመበለቲቱ ሽንኩርት በቆመበት ደረቀ። አስቀድማ መናገሯን የማያስታውስ አልነበረም። ሆኖም መጥቶ እውነትሽን ነበር ያላት የለም፤ እንዲያውም ሟርተኛ ብለው ሰላምታ ነሷት። መደቧ ዳር ተቀምጣ አለቀሰች።

ልጄ ይርሳው፣ ለምርጫ የቆሙት ሰዎች ያሉትን አስበውበት እንደሆነ በምን አውቃለሁ ብለህ ጠየቅኸኝ። ምን እንደሚሰጥህ አትጠይቀው፤ እሱን ሳትጠይቀውም ይነግርሃል። ከማን ወስዶ እንደሚሰጥህ ጠይቀው። ያሰበበት ሰው ገና ሳይመረጥ የተቀየመው አለ። ያላሰበበት ከሁሉም ጋር ይስቃል።

ግን ይህን በጠየቅህ ቀን ከስብሰባው አብሮህ የሚመለስ ሰው አታገኝም። ይህን ዋጋውን ሳልነግርህ ብሸኝህ፣ እኔም ያው እንደተመረጠው ሰው ነኝ።