የደብሪቱ ቀርከሃ

ልጆቼ፣ ጠጋ በሉ። የምነግራችሁ የሩቅ ዘመን ነገር ነው፤ የአያቴ አያት ገና ሳይወለዱ የሆነ ነው። እንደ ሰማሁት እነግራችኋለሁ፤ ያልሰማሁትን አልጨምርም። የባለታሪኳን የአባት ስም ግን አትጠይቁኝ፤ ተረስቷል።

አፋፍ ሚካኤል በሚባል መንደር ደብሪቱ የምትባል ባልቴት ነበረች። ቀርከሃ እየሰነጠቀች ቅርጫት ትሠራ ነበር። መንደሩ ገደል አፋፍ ላይ ነው፤ ወንዙ ከታች ነው። ሴቶቹ ይወርዳሉ፤ ይቀዳሉ፤ እንስራ አዝለው ይወጣሉ። ደብሪቱም ትወርድ ነበር፤ ትወጣ ነበር። አንድ ክረምት ድጡ አዳለጣትና ዳሌዋ ተሰበረ። ከዚያ ወዲያ አልወረደችም።

በመንደሩ ሰንበቴ ነበር። ሕጉ ጥብቅ ነበር። ለሰኔ ሚካኤል ጠላ መጥመቂያ ከየቤቱ ሰባት ሰባት እንስራ ውሃ ይሰጣል። ለሌላ ቤት መቅዳት ክልክል ነው። ያልሰጠች ከማኅበሩ ትወጣለች። የወጣችን ሴት ስትታመም የሚጠይቃት፣ ስትሞት የሚያለቅስላት የለም። ደብሪቱ ደግሞ ባል የላት፣ ልጅ የላት፤ ያላት ሰንበቴው ብቻ ነበር።

ከቤቷ በላይ፣ ከዓለቱ ሥር፣ ቀጭን ውሃ ይወርድ ነበር። የዝንጀሮ ምንጭ ይሉታል። ቦታው ቀጥ ያለ ስለሆነ እንስራ አይቆምበትም፤ ዝንጀሮ ይልሰዋል እንጂ ሰው አይቀዳውም። ደብሪቱ ቀርከሃ ለሁለት ሰነጠቀች። አንጓውን ጠረበች። በዳዴ እየወጣች፣ በባላ እንጨት እያስደገፈች፣ ከዓለቱ እስከ ደጇ ዘረጋችው።

በመጀመሪያው ቀን አልሆነላትም። የታችኛውን ቀርከሃ ጫፍ በላይኛው ላይ ደርባው ነበርና ውሃው በየመጋጠሚያው ፈሰሰ። ደጇ የደረሰው አንድ ዋንጫ አይሞላም። የሰንበቴው አለቃ አያ ጓንጉል መጥተው አዩ።

«ደብሪቱ፣ ይህ ውሃ ነው ወይስ የሕፃን ንፍጥ?» አሉ።

መንደሩ ሳቀ። ደብሪቱ መጋጠሚያውን ሁሉ ፈታች። በማግስቱ ላይኛውን በታችኛው ላይ ደረበችው፤ እንደ ቤት ክዳን ሣር።

አሁን ውሃው ደረሰ። ግን እንደ ክር ቀጭን ነበር። የሽመቤት የምትባል ጎረቤት ነበረቻት፤ በመንደሩ እንደ እሷ ፈጥኖ ውሃ የሚቀዳ አልነበረም።

«ነይ እንወዳደር፣ እመት ቀርከሃ!» አለቻት።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር። ገበያ ሊሄድ የወጣ ሰው ሁሉ ቆመ። ደብሪቱ ባዶ እንስራ ከቀርከሃው ሥር አስቀመጠች። የሽመቤት ወረደች፤ ቀዳች፤ እያለከለከች ወጣች። የደብሪቱ እንስራ ግማሽ እንኳ አልደረሰም።

«እንቅልፍ ላጣ ሰው ይሆናል፤ ጠብ ጠብ ሲል ያስተኛል!» አለ አንዱ። እየሳቁ ወደ ገበያቸው ሄዱ።

ማታ ሲመለሱ እንስራው ሞልቶ፣ ተርፎ፣ ደጁን አጨቅይቶት ነበር። ዞሮ ያየ ግን የለም። የሽመቤት ብቻ አየች። ቆመች፤ አየች፤ አለፈች።

ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያስገርመኛል። ሰዎቹ ሞኞች አልነበሩም። ታዲያ ለምን ሳቁ? ስፈራ ስቸር የማስበው ይህን ነው፤ አዲሱን ነገር በተወለደ ቀኑ፣ አሮጌውን በጉልበቱ ቀን ለኩት። ደግሞም እነሱ በቆሙበት ሰዓት ብቻ ለኩት። የሽመቤት ቀድታ ታርፋለች። ቀርከሃው ግን አያርፍም። ይህን ለማየት ሄዶ መመለስ ያስፈልጋል።

ሰኔ ሚካኤል ተቃረበ። አያ ጓንጉል ከማኅበርተኞቹ ጋር በየደጁ እየዞሩ ውሃ ይቀበሉ ጀመር። ደብሪቱ ደጅ ደረሱ። አንድ ብለው ቆጠሩ። ሰባት ሞላ። ፊታቸው ጠቆረ።

«ሕጉ ከአባቶቻችን ጀምሮ ውሃ በጀርባ ይምጣ ይላል» አሉ። «አንቺ አልተሸከምሽም። አይቆጠርልሽም።»

ደብሪቱ በምርኩዟ ተነሣች።

«አያ ጓንጉል፣ ሚካኤል የሚፈልገው ውሃዬን ነው ወይስ የወገቤን ሕመም?»

 በዚያ ሰዓት የሽመቤት ስድስቱን ቀድታ፣ ለሰባተኛው ልትወርድ በዚያ ታልፍ ነበር። ቆመች። ባዶውን እንስራ ከጀርባዋ አወረደች። ከቀርከሃው ሥር አስቀመጠችው።

«ይህን አንዱን እኔም አልሸከምም» አለች። «የምታስወጧት ከሆነ እኔንም አስወጡኝ።»

አያ ጓንጉል የሽመቤትን አዩ። ደብሪቱን አዩ። ክር የመሰለችውን ውሃ ረጅም ጊዜ አዩ።

«እንግዲህ» አሉ፤ «ሌላውን ደጅ ሁሉ ዞረን እንመለስ።»

ሄዱ። ተመለሱ። ሞልቶ ነበር።

ደብሪቱ ስትሞት ሰንበቴው በሙሉ አልቅሶ ቀበራት። በአፋፍ ሚካኤል ዛሬም አዲስ ነገር የመጣ እንደ ሆነ፣ ዘርም ይሁን መሣሪያ፣ አጠገቡ ባዶ እንስራ ያስቀምጣሉ። ከዚያ ወደየሥራቸው ይሄዳሉ። እስኪመለሱ ማንም አይስቅም፤ ማንም አያመሰግንም። ቸኩሎ የሳቀ ቢገኝ ሽማግሌዎቹ አይቆጡትም። «ገበያ ደርሰህ ና» ይሉታል።

እኔ የሰማሁት ይህን ነው። የጎደለውን የሰማ ይሙላው።