እመት ከርከሮ እና የጃርት ድስት

ተረት መጣ፣ ጆሮ ይምጣ! መጣ? እንግዲያው ተጠጉና ስሙኝ። አንተ፣ ያን ዱላ አስቀምጥ፤ ተረት ዱላ ይዘው አይሰሙትም።

ድሮ ድሮ፣ አውሬ ሁሉ ማሳ በነበረውና ማሳ ያለው ሁሉ ክፉም ደግም ጎረቤት በነበረው ዘመን፣ ስሟን ነግረውኝ በረሳኋት አንዲት አገር፣ እመት ጃርትና እመት ከርከሮ አጥር ለአጥር ይኖሩ ነበር። የጃርት መሬት ትንሽ ናት። የከርከሮ መሬት ዓይን እስኪደክም ይሄዳል። ሁለቱም ድንች ይተክላሉ፣ ሁለቱም ልጆች አሏቸው።

በዚያች አገር ድንች የሚኮተኮተው በደቦ ነው። ዛሬ መንደሩ ተሰብስቦ ያንዱን ማሳ ይኮተኩታል፣ ነገ የሌላውን። ባለ ማሳው ደግሞ ምሳ ያበላል። ክፉ ምሳ ያቀረበ እንደሆነ ማንም ደፍሮ አይናገረውም። ብቻ መቆፈሪያው በድንገት ይከብዳል፣ ወገብ ያማል፣ አንዱን ሚስቱ ትጠራዋለች፣ ሌላው ላሙ ትጠፋበታለች። ፀሐይ ገና ሳትዘቀዝቅ ማሳው ላይ ባለቤቱ ብቻውን ይቀራል።

በጃርት ደቦ ግን ወገቡን የሚያመው አልነበረም። ለምን ቢሉ ያቺ ሾርባዋ! ድንች በጮማ ቋንጣ። ሽታው ከምድጃው ተነሥቶ፣ አጥሩን ዘሎ፣ ማሳው ላይ ይደርስና ቆፋሪውን ሁሉ በአፍንጫው ይይዘዋል። «ቋንጣው የማን ሥጋ ነው?» ብላችሁ ደግሞ አትጠይቁኝ። በተረት አገር ቋንጣ ከምድጃ በላይ ተሰቅሎ ይገኛል፣ በቃ። የደቦው አለቃ አያ ዝንጀሮ ሳህኑን ልሶ፣ ጣቱን ልሶ፣ የጎረቤቱን ሳህን አየት አድርጎ፣ «እመት ጃርት፣ እጅሽ ይባረክ!» ይልና ይነሣል። ከዚያ እየዘፈኑ እስኪመሽ ይቆፍራሉ።

በማግስቱ ወደ ከርከሮ ማሳ ይሄዳሉ። ከርከሮ ጎተራዋ ሙሉ ነው፣ እጇ ግን አይዘረጋም። ለምሳ ጥሬ የመሰለ ቆሎ ታቀርባለች። ቆሎውን እያንኮሻኮሹ ትንሽ ጫር ጫር ያደርጉና የዚያ ወገብ ያመዋል፣ የዚህ ላም ትጠፋለች፣ በቃ ተበተኑ። ከርከሮም አጥሯ ሥር ቆማ ወደ ጃርት ቤት እያየች እንዲህ ትላለች፦

«ጃርት ምን አላት? እሾህ አላት። እኔ ምን አለኝ? ሁሉ አለኝ። ታዲያ ለምን እሷን?»

ልጆቼ፣ ቅናት ክፉ ነው። የራበው ሰው ሲበላ ረኃቡ ይተወዋል፤ የቀና ሰው ግን በበላ ቁጥር ይብስበታል። ከርከሮ ጃርት ስትስቅ ከሰማች በሯን ትዘጋለች። ጃርትን «እንዴት አደርሽ» ሲሏት ከሰማች ያ ሰላምታ ከእሷ የተነጠቀ ይመስላታል። የጃርትን ልጆች ወፍረው ባየች ጊዜ የራሷን ልጆች ትቆጣለች።

ያን ዓመት ደግሞ ነገሩ ጠና። ዝናቡ ሊወጣ ተቃርቧል፣ የከርከሮ ድንች ግን ገና ግማሹ እንኳ አፈር አልታቀፈም። አፈር ያልታቀፈ ድንች ፀሐይ ያየዋል። ፀሐይ ያየው ድንች አረንጓዴ ይሆናል፣ ይመራል፣ ልጅ ቢበላው ያመዋል። የጎተራዋ እህል በጋውን አይዘልቅም፤ የቀራት ደግሞ አንድ የደቦ ቀን ነበር። በዚያ ቀን መንደሩ ልቡን ሰጥቶ ካልቆፈረላት ልጆቿ በጋውን በምን ያሳልፉታል?

እንግዲህ ምን ታድርግ? ኩራቷን ዋጥ አድርጋ፣ እሳት ልጫር በሚል ሰበብ ገል ይዛ ወደ ጃርት ቤት ሄደች።

«እንደምን ዋልሽ፣ ጃርቲት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እትዬ ከርከሮ! ግቢ፣ ግቢ። ምነው ጠፋሽ?»

«እሳት ጠፍቶብኝ ነው እንጂ... እ... ይቺ ሾርባሽ ግን ምን አድርገሽባት ነው እንዲህ የሚሽቀዳደሙልሽ?»

ጃርት ሳቀች። ጃርት ሚስጥር አታውቅም፤ እሾኋም ሁሉ በውጭ ነው። «ምን አለው ብለሽ ነው፣ እትዬ! ቋንጣውን ደቃቅ አድርጎ መክተፍ። በቀዝቃዛ ድስት ጥዶ፣ እሳቱን አሳንሶ፣ ስቡ ቀስ ብሎ እስኪወርድ መጠበቅ። ቋንጣው ደረቅ ሲል አውጥቶ ማስቀመጥ። ሽንኩርቱን በዚያው በስቡ ማቁላላት፣ ነጭ ሽንኩርት ጣል ማድረግ፣ ድንቹንና ውኃውን መጨመር። ድንቹ ሲበስል ግማሹን በማማሰያ መጨፍለቅ፣ ግማሹን መተው፤ እሱ ነው የሚያወፍረው። ወተት መጨረሻ ላይ ጠብ። ቋንጣው ራሱ ጨው አለው፣ ስለዚህ ጨው ጥቂት። ከዚያ ቋንጣውን መልሶ መበተን። አለቀ!»

ከርከሮ እሳቷን ይዛ ወጣች። በመንገድ ላይ ግን ቅናት ጆሮዋ ውስጥ ገብቶ ይነግራት ጀመር። «ይቺ እሾሃም ሞኝ አደረገችሽ! ሙያዋን ማን ለጎረቤት ይናገራል? ቀስ በይ ካለችሽ ቶሎ ማለቷ ነው። ጥቂት ካለችሽ ብዙ ማለቷ ነው። ዋናውን ነገር ደብቃዋለች።» ከርከሮ ጎረቤቷ ስትጠይቃት እውነቱን ተናግራ አታውቅም፤ ሰውም ሁሉ እንደ እሷ ይመስላታል።

ስለዚህ የተደበቀውን ልታይ በአጥሩ ቀዳዳ ዓይኗን ሰካች። ጃርት ትከትፋለች፣ ታቁላላለች፣ ታማስላለች፤ ምንም የተለየ ነገር የለም። በመጨረሻ ግን ያቺ ጃርት የከሰለ አሮጌ ድስቷን አጥባ፣ በጨርቅ አድርቃ፣ ጎኑን መታ መታ አድርጋ «አይዞህ የኔ ጥቁር፣ ነገም አለህልኝ» ስትለው ሰማች።

ከርከሮ ከአጥሩ ሥር ብድግ አለች። «አገኘሁት! ድስቱ ነው! እኔ እኮ ብያለሁ፣ ጃርት ምን አላት? እሾህ አላት። እኔ ምን አለኝ? ሁሉ አለኝ። የጎደለኝ ድስቱ ብቻ ነው!»

ገበያ ወርዳ ልክ የጃርትን ድስት የሚያህል አዲስ የሸክላ ድስት ገዛች። ጥላሸት ቀባችው፣ ቀባችው፣ የጃርትን እስኪመስል ቀባችው። የራሷ ደቦ ዋዜማ፣ ጃርት ውኃ ልትቀዳ ምንጭ ስትወርድ፣ ሹልክ ብላ ጓዳዋ ገባችና አዲሱን አስቀምጣ አሮጌውን ይዛ ሄደች። ደስታዋ ከፍርሃቷ ይበልጥ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ጃርት የሌላት አንድ ነገር እሷ ዘንድ አለ።

ጃርት ተመልሳ ድስቷን አነሣች። እጇ ጥላሸት በጥላሸት ሆነ። «ውይ! የኔ ጥቁር እኮ እጅ ላይ አይለቅም» አለች። በጣቷ ብትመታው ድምፁ የአዲስ ሸክላ ድምፅ ነው። ወደ አጥሩ አየች፤ የከርከሮ ሰፊ ኮቴ ጭቃው ላይ ታትሟል። ጃርት ጥቂት አዘነች፣ ጥቂት ደግሞ ሳቀች። አዲስ ድስት ሳይሟሽ እሳት ላይ አይጣድም፤ ይሰነጠቃል። ስለዚህ አጥባው፣ የጎመን ዘር ወቅጣ ውስጡን ቀባችው፣ በለሰለሰ እሳት ቀስ ብላ አሟሸችውና ለልጆቿ እራት ሠራችበት። 

ነጋ። ደቦው ከከርከሮ ማሳ ተሰበሰበ። ጃርትም መቆፈሪያዋን ይዛ መጣች። «ዛሬ ወገባችሁን እንዳያማችሁ!» አለች ከርከሮ ጮክ ብላ፤ «ምሳው ሾርባ ነው! ሾርባ ማለት ምን እንደሆነ ዛሬ ታያላችሁ!» መንደሩ ተያየ። ደስም አለው፤ እስከ ምሳ ድረስ እውነተኛ ቁፋሮ ቆፈረ።

ከርከሮ ድስቱን ጣደች። ቀስ ብላኛለችና ቶሎ ነው ብላ የግንድ ፍልጥ አነደደችበት። ደቃቅ ብላኛለችና ትልልቅ ነው ብላ ቋንጣውን እንደ ጫማ ጠፍር ወረወረችው። ወተቱን መጨረሻ ብላኛለችና መጀመሪያ ነው ብላ ገለበጠችው፣ አረረ። ጥቂት ብላኛለችና ብዙ ነው ብላ ጨውን በእፍኝ፣ አሁንም በእፍኝ ጨመረች። ለመቅመስ እንኳ አልቀመሰችም። ድስቱ አለ አይደል? ድስቱ ሥራውን ይሠራል።

ቀረበ። አያ ዝንጀሮ አንድ ፉት አለ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሌላው ድንች ነከሰ፤ ቀጭ አለበት፣ ጥሬ ነው። ሌላው ቋንጣውን ሲያኝክ፣ ሲያኝክ፣ ሲያኝክ ቆየና በዘዴ ከኋላው ጣለው። አንዱ ወገቡን ያዝ አደረገ። አንዱ፣ «ላሜ... ላሜን ሳላስራት ነው የመጣሁት» አለ።

«ቁጭ በሉ! የት ትሄዳላችሁ?» አለች ከርከሮ።

«እመት ከርከሮ፣ እግዜር ይስጥልን» አለ አያ ዝንጀሮ ምላሱን በመዳፉ እየጠረገ፤ «ግን ይህ እንደ እመት ጃርት...»

የጃርትን ስም ሲጠራ ከርከሮ ደሟ ፈላ። ያን ሁሉ ጊዜ ታምቆ የኖረው ቅናት በአፏ ወጣ። «ጃርት! ጃርት! ዘላለም ጃርት! በምን ትበልጠኛለች? አፋችሁ ነው የተበላሸው እንጂ ሾርባውስ ያው ነው! ድስቱ እኮ የራሷ ድስት ነው!»

ወገቡን ያዝ ያደረገውም ቀና አለ።

«የማን ድስት?» አለ አያ ዝንጀሮ።

ከርከሮ አፏን በእግሯ ከደነች። የወጣ ቃል ግን የትኛው በር ነው የሚመልሰው?

ሁሉም ወደ ጃርት ዞረ። ጃርት መሬት መሬት እያየች፣ «አዎ፣ የኔ ነው» አለች። «እትዬ ከርከሮ፣ ብትጠይቂኝ አውስሽ ነበር። አንቺ በተውሽልኝ አዲስ ድስት ትናንት ለልጆቼ ሾርባ ሠራሁ፤ ታችኛው እንኳ ሳይቀር ልሰው ጨረሱት። ነገሩ ከድስቱ አልነበረም። ያልኩሽን እንዳልኩሽ ብትሠሪው ኖሮ ዛሬ ማሳሽ ያልቅ ነበር።»

መንደሩ አጉረመረመ። በደቦ ሕግ ከደቦኛው የሰረቀ ከደቦው ይወጣል። አያ ዝንጀሮ ግን ሽበታም ነው፤ አሰበ፣ ጭራውን አሻሸ፣ እንዲህም አለ፦ «ድስት ቢሰርቁ፣ ሙያ አያውቁ። የሆነው ሆኗል። ልጆቿ አልበደሉም። እመት ከርከሮ፣ ድስቱን መልሺላት፣ ጉልበትሽን አጥፈሽ ‹ይቅር በይኝ› በያት። እኛም እስኪመሽ እንቆፍርልሻለን፤ ምሳውን ግን ጃርት ትሥራው።»

ጃርት እጇን ዘረጋች። «እኔ ይቅር ብያለሁ፣ እትዬ። ቃሉን ብቻ በይው።»

በዚያች ሰዓት ከርከሮ ሁሉንም ልታገኝ ትችል ነበር። ድንቿን፣ ጎረቤቷን፣ የልጆቿን በጋ። አንድ ጉልበት ማጠፍ ብቻ። ማሳዋን አየች። ልጆቿን አየች። ልትታጠፍም ትንሽ ቀርቷት ነበር። ግን መንደሩ ጃርትን እንዴት እንደሚያያት አየችና ቅናቱ እንደገና ተነሣባት። «እኔ? ለዚች እሾሃም? ከምንበረከክላት ድንቼ ይምረር!»

«እንዳልሽ» አለ አያ ዝንጀሮ። መቆፈሪያውን ትከሻው ላይ ጣለ። ሁሉም ተነሡ። በዚያ ቀን ማንም ወገቤን አመመኝ አላለም፣ የማንም ላም አልጠፋችም፤ ዝም ብለው ሄዱ። ጃርትም ድስቷን ታቅፋ፣ አንዴ ወደ ኋላ አይታ፣ ሄደች።

ከርከሮ ከዚያ ሰፊ ማሳ ጋር ብቻዋን ቀረች። ቆማ ቆፈረች፤ ወገቧ እንቢ አላት። ጎንበስ ብላ ቆፈረች፤ ጎኗ እንቢ አላት። ፀሐይዋ ደግሞ ድንቹ ላይ ወጥታለች፣ ልጆቿም እያለቀሱ ነው። ምን ታድርግ? ሁለት የፊት ጉልበቶቿን አጥፋ መሬት ላይ ተንበረከከችና በጥርሷ መፈንቀል ጀመረች። ሲመሽ ተንበርክካ ነው፣ ሲነጋ ተንበርክካ ነው። ጉልበቷ ተላጠ፣ ከዚያም ጠነከረ፣ ቆዳው እንደ ጫማ ሶል ሆነ።

ካላመናችሁኝ ሂዱና ከርከሮ ስትበላ እዩ። ዛሬም ተንበርክካ ነው የምትቆፍረው፤ ልጆቿም ከተወለዱ ጀምሮ ጉልበታቸው ደረቅ ነው። ጃርት ግን ድንች በደረሰ ጊዜ የፈለገችው ማሳ ቀና ብላ ትገባለች።

የሰማችሁ ላልሰማ ንገሩ፤ የኔ ድርሻ እዚህ ላይ አበቃ። አባቶችም ይህን አይተው እንዲህ አሉ፦ ቅናት ያደነደነውን ጉልበት፣ ድንች ያንበረክከዋል።