የደጃዝማቹ ሸክም

ደጃዝማች ወንድይራድ ለእግረኛ ወታደርነት ሰው ሲመለምሉ በሁለት ምሰሶ ላይ ዘንግ አጋድመው አሳሰሩና፣ በሥሩ ሲያልፍ አናቱ ያልነካ ሁሉ ወደ ቤቱ ይመለስ አሉ። አንድ አጭር ገበሬ ሁለቴ ቢዘልም አልነካውም፤ ቢሆንም ሄዶ ከተመረጡት ጋር ተሰለፈ።

ደጃዝማቹ አራት ሰው ደግፎ በቅሎ ላይ የሚያወጣቸው ግዙፍ ሰው ነበሩ።

«አንተ ድንክ፣ ወታደር የቆሰለ አለቃውን ተሸክሞ ያወጣል። እስቲ እኔን እዚያ ዋርካ ድረስ ተሸከመኝ፤ ካቃተህ ትገረፋለህ» አሉት።

ሰልፈኛው በሳቅ ፈነዳ። ሰውየው እጅ ነሥቶ መለሰ፦

«ጌታዬ፣ እርስዎ እንዲቆስሉ መጀመሪያ እነዚህ ረጃጅሞቹ ሁሉ አልቀው ጠላት ከኋላ ካለው ድንኳንዎ መድረስ አለበት። ያን ጊዜ ደግሞ እንኳን የሚሸከምዎት፣ ሲሸሹ ሮጦ የሚደርስብዎትም አይገኝም።»