ሁለቱ ጠፍሮች

ተረት ተረት ስላችሁ «የበሬ በረት» በሉኝ፤ የዛሬው የበሬ ነዋ!

ሲያገሳ ሦስት አገር «ዝናብ መጣ» ብሎ ስጡን የሚያስገባለት አንድ በሬ ነበረ። ሲታረድ ከቆዳው ሁለት ጠፍር ወጣ። ታላቁን ጠፍር አንድ አዳኝ ወሰደና፣ ከወጥመድ ይጠብቀው ብሎ ማን ቀደመው በሚባለው ውሻው አንገት ላይ አሰረው። ታናሹን ገበሬ ወስዶ የጃርት ወጥመድ አደረገው።

ታናሹ ጭቃ ላይ ተጋድሞ በቅናት ተንጨረጨረ፤ ትኩሳቱ የማሳውን በቆሎ ቆሞ ሳለ ጠበሰው።

«እሱ ቅቤ እየታሸ፣ ውሻ ላይ ተቀምጦ አገር ያያል፤ እኔ የጃርት ሽንት እጠጣለሁ! ቆይ፣ ውሻውን ካነቅሁት የማን አንገት ላይ ሊኮፈስ ነው?»

አንድ ቀን ማን ቀደመው ሚዳቋ ሲያባርር ወጥመዱ ውስጥ ዘው አለ። ታናሹም አንገቱን ጨመደደ።

«ኧረ ወንድም ዓለም፣ የያዝከው እኮ እኔን ነው!» አለ ታላቁ።

«አንተንማ ነው የፈለግሁት!» ብሎ ባሰበት።

ውሻው ግን ከታላቁ ሥር ትንፋሽ አላጣምና አገር እስኪናወጥ ጮኸ። አዳኙ ሮጦ ደርሶ ወጥመዱን በቢላ በጠሰው።

«ማሰሪያህ ባይኖር አልቆልህ ነበር፣ ልጄ!» አለው። ማሰሪያው ተልጦ ቢያይ የበጠሰውን ጠፍር አነሳና ደርቦ ሰፋበት።

ታናሹ የተመኘው አንገት ላይ ወጣ፤ ቅቤም ታሸ። ከዚያ ወደ ኋላ እያየ፣

«ወንድሜ፣ ያ ጅራት ግን ምን ሠርቶ ነው ማንም ሳያስረው የሚጨፍረው?» አለ።

ተረቴን መልሱልኝ፤ በዳቦ ብትቀኑብኝ እንኳ አፌን በቂጣ አብሱልኝ።