የአቶ አየልኝ ሽቦና የእማማ በዳቱ ቁልፍ

እስቲ ጠጋ በሉ፤ የዛሬው ወሬዬ ስለ አንድ ሽቦ ነው።

አቶ አየልኝ የሚባሉ የቴሌግራፍ ጡረተኛ ጎሬ ነበሩ። ሚስታቸው ሞታለች፣ ልጅ የላቸውም፤ ያላቸው ከሩቅ ሰው ጋር የሚያነጋግር አንድ አሮጌ የአማተር ሬዲዮ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ጓደኛቸው ዑመር ከድሬዳዋ ይጠራቸዋል። «አየልኝ፣ ዝናቡ እንዴት ነው?» ይላል። እዚያ ዝናብ ብርቅ ነዋ! እሳቸውም ያወሩለታል። ሃያ ዓመት እንዲህ ኖሩ። ስልክስ ትሉኝ ይሆናል፤ የዑመር ጆሮ ደክሟል፣ የሬዲዮውን ማዳመጫ ካልደፋ አይሰማም።

አንድ ቅዳሜ ዑመር ድምፁ ሰለለ። «ልጄ ዘንድ ኮንዶሚኒየም ልገባ ነው። እዚያ አንቴና አያሰቅሉም። የሚመጣው ቅዳሜ የመጨረሻችን ነው» አለ።

ሰኞ ነፋስ ተነሥቶ የአቶ አየልኝን የአንቴና ምሰሶ ሰበረው። የአንቴናው ሽቦ ጭቃ ላይ ተዘረረ። ሰውዬው የፈለጉት ዑመርን አንዴ መሰናበት ብቻ ነበር።

ሽቦውን ጠቅልለው ጎረቤታቸው እትዬ ዲንቂቱ ዘንድ ሄዱ። ግቢያቸው ውስጥ ረጅም ጽድ አለ።

«እባክዎ፣ ሽቦዬን ጽድዎ ላይ ልስቀል።»

«ጣሪያዬ እያፈሰሰ፣ በሳህንና በባልዲ መሀል እየተኛሁ የሰው ሽቦ አላሰቅልም። መጀመሪያ ጣሪያዬ ይደፈን።»

ጣሪያ ሳይደፈን ጽድ አይገኝ፣ ጽድ ሳይገኝ ሽቦ አይሰቀል፣ ሽቦ ሳይሰቀል ዑመር አይሰማ።

ማክሰኞ አናጢው ጉደታ ዘንድ ሄዱ። «የእትዬ ዲንቂቱን ጣሪያ ድፈንልኝ።»

«በምን ልውጣ አባባ? መሰላሌን መምህር ኦላና ተውሶ በዚያው ቀረ።»

መሰላል ሳይመጣ ጣሪያ አይደፈን፣ ጣሪያ ሳይደፈን ጽድ አይገኝ፣ ጽድ ሳይገኝ ሽቦ አይሰቀል፣ ሽቦ ሳይሰቀል ዑመር አይሰማ።

ረቡዕ መምህር ኦላናን ትምህርት ቤት በር ላይ ያዙት። አንገቱን ደፋ። «መሰላሉ ጓዳ ተቆልፎበታል። ቁልፉን እናቴ ትራሷ ሥር ሸሽጋለች። አኩርፋኛለች።»

ቁልፍ ሳይወጣ መሰላል አይመጣ፣ መሰላል ሳይመጣ ጣሪያ አይደፈን፣ ጣሪያ ሳይደፈን ጽድ አይገኝ፣ ጽድ ሳይገኝ ሽቦ አይሰቀል፣ ሽቦ ሳይሰቀል ዑመር አይሰማ።

ሐሙስ እናቱ ዘንድ ገቡ። እማማ በዳቱ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል።

«እማማ፣ ቁልፉን ይስጡኝ።»

«አልሰጥም። ልጄ ሲወጣ ደህና ዋይ፣ ሲገባ ደህና እደሪ፤ በቃ። ሰው የሚያናግረኝ ቁልፍ ሲጠፋ ነው።»

አቶ አየልኝ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ምን ያውሩ? የለመዱት አንድ ወሬ ብቻ ነው። «ዛሬ ዝናቡ በጫካው በኩል መጣ» ብለው ጀመሩ። «መጀመሪያ ጭጋጉ ወረደ፣ ከዚያ ቆርቆሮው...» እስኪመሽ አወሩ። አሮጊቷ ቀስ ብለው ፊታቸውን መለሱ፤ እጃቸውን ትራሳቸው ሥር ሰደዱ።

ቁልፉ ወጣ፣ መሰላሉ መጣ፣ ጣሪያው ዓርብ ተደፈነ፣ ጽዱ ተገኘ፣ ሽቦው ተሰቀለ። ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ሬዲዮው ተንሿሿ።

«አየልኝ፣ ዝናቡ እንዴት ነው?»

ሳምንቱን ሙሉ ስንት ነገር ሊሉት አስበው ነበር። አሁን ግን ጆሯቸውን ወደ ውጭ ጣል አደረጉ።

«እየዘነበ ነው» አሉ። «የጎረቤቴ ጣሪያ ላይ ሲወርድ ይሰማኛል። አያፈስም።»

«እሰይ» አለ ዑመር። «በል ደህና ሁን።»

ከዚያ የሬዲዮው ሿሿታ ብቻ ቀረ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ሬዲዮውን ከፈቱ። ሿሿታ ብቻ ነው። ትንሽ ጠብቀው ዘጉት፤ ጃንጥላቸውን ይዘው ወጡ። እማማ በዳቱ ኮቴያቸውን ሰምተው ፊታቸውን ከግድግዳው መለሱ።

«ዝናቡ እንዴት ነው?» አሉ።

አቶ አየልኝ ወንበሩን ሳቡ።